ባጃጅህ ላይ ስለለጠፍከው ባንዲራ

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከነቀምት መናኸሪያ ቤቴ ድረስ ስታደርሰኝ አንድ ነገር ጠየቅኸኝ። የባጃጅህ የፊት መስተዋት ላይ ባንዲራ ለጥፈሃል፤ ከመሪው በላይ ትንሽ የጨርቅ ባንዲራ አንጠልጥለሃል፤ እጅህ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ዶቃ አስረሃል። በዚያው ሳምንት አንድ ተሳፋሪ «ይሄ ባንዲራን መናቅ ነው፤ የአገር ምልክት የባጃጅ ጌጥ ሆነ እንዴ?» ብሎ ገሥጾህ ኖሮ ነገሩ ከንክኖሃል። «ጋሼ፣ እውነት ነውር ነው?» አልከኝ። መልሱ በአንድ መንገድ የሚያልቅ ስላልሆነ «እጽፍልሃለሁ» ብዬህ ወረድኩ። ይኸው ጻፍኩልህ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በወለጋ ከተሞች ሳስተምር፣ ከነጆ እስከ ሻምቡ፣ ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ፊት ቆሜአለሁ። ቀስ ብለህ አንብበው፤ እንደ ልማድህ ግማሹን እንዳትዘል።

1. ከመለጠፍህ በፊት የምትለጥፈውን እወቅ። ባንዲራ የምንለው ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ሰንደቅ ዓላማ ግን የራሳችን ነው፤ ሰንደቁ መስቀያው እንጨት፣ ዓላማው ከሩቅ የሚታየው ምልክት። በኦሮምኛ አላባ እንለዋለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሃል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ ሦስቱም እኩል፣ በመሃሉም ብሔራዊ ዓርማ ያለበት መሆኑን ይናገራል። የጨርቁ ርዝመት የወርዱ እጥፍ ነው። የእናትህ ነጠላ ጥለትና የአንተ ዶቃ ቀለሙን ተውሰዋል እንጂ ሰንደቅ ዓላማ አይደሉም። መስተዋቱ ላይ ያለው ግን ቅርጹም ዓርማውም የተሟላ ስለሆነ ራሱ ባንዲራው ነው። ዶቃህን እንደ ልብህ አድርገው፤ ማንም አይናገርህ። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ስለ ስቲከሩና ስለ ጨርቁ ነው። ይህን ሳትለይ ከተሳፋሪ ጋር ብትከራከር ሁለታችሁም ስለተለያየ ነገር ስትጮሁ ትውላላችሁ።

2. በፍቅር ያደረግኸውን ማንም ነውር ቢልህ አትደንግጥ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች በኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ሆነች። ባንዲራው ሲሰቀል አንድ ቡና ቤት ውስጥ አርባ ሰው በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት አትሌት ባንዲራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ትራኩን ሲዞር አይተናል። ጨርቁ በላብ ይርሳል፤ ይጨማደዳል፤ ግን ተዋረደ ያለ ሰው አልሰማሁም። ወታደር ሲሞትም ሬሳ ሳጥኑ ባንዲራ ለብሶ ይወጣል። ሰውነት ስለነካው፣ ዕቃ ላይ ስላረፈ ብቻ ባንዲራ አይዋረድም። ወደ ውጭ ብታይም አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ የባንዲራ ደንብ ባንዲራ ልብስ አይሁን ይላል፤ አሜሪካኖች ግን ሐምሌ ውስጥ በነጻነት በዓላቸው ቀን ኮፍያውንም ካናቴራውንም ያደርጉታል፣ የሚከሳቸውም የለም። ሕንድ ደግሞ ታከርረዋለች፤ ከወገብ በታች መልበስ፣ ትራስና መሐረብ ላይ ማተም እዚያ በሕግ ያስቀጣል። እኔ በዚህ ነገር ወደ ሕንዶቹ አደላለሁ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ አለልህ።

3. ቦታ ምረጥለት። የእናትህን ፎቶግራፍ የማታስቀምጥበት ቦታ ላይ ባንዲራ አታድርግ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ላይ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ወንበሩ ሙሉ ለሙሉ ባንዲራ ለብሶ ነበር፤ ኮከቡ መሃል መቀመጫው ላይ ነው። አንዲት እናት ቅርጫታቸውን ይዘው፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው በቀይ ጭቃ ተለውሶ መጡ። ሊገቡ ሲሉ ወንበሩን አዩና ቆሙ። ነጠላቸውን አውልቀው ሊያነጥፉበት ሲሉ ሹፌሩ «ማዘር፣ ግቡ እንጂ፣ ሰዓት ሄደ!» እያለ ያዋክባቸዋል። በመጨረሻ በአንድ ጎናቸው ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለው ቤታቸው ደረሱ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ አገሩንም የሚወድ ይመስለኛል። ነገር ግን ሰው እንዲቀመጥበት፣ እንዲረግጠው፣ እግሩን እንዲጠርግበት በተሠራ ነገር ላይ ባንዲራ ሲታተም ጨዋው ሰው ይጨነቃል፤ ባለጌው ይደፍራል። ወንበር፣ የእግር ምንጣፍ፣ ካልሲ፣ የመኪና መወልወያ ጨርቅ፣ ይህን ሁሉ ተው። መስተዋቱ፣ ከመሪው በላይ ያለው ቦታ፣ ደረትህ፣ ኮፍያህ፣ የስልክህ ጀርባ፣ እነዚህ ቅር አይሉኝም።

4. የደከመውን አንሣ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የአንተ ጥፋት እዚህ ጋ ነው፤ የእኔም የወጣትነት ጥፋት እዚሁ ጋ ነበር።

በጊምቢ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ አንድ ዓርብ ተረኛ ነበርኩ። ማታ ባንዲራ የማውረድ ኃላፊነት የእኔ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ወደ ከተማ ለመውጣት ቸኩዬ ረሳሁት። ያን ሌሊት የወለጋ ዝናብ እንደምታውቀው ወረደ፤ ቅዳሜም አላባራም። ሰኞ ጠዋት ስገባ ባንዲራው ጠረጴዛዬ ላይ በአራት ማዕዘን ታጥፎ ተቀምጧል። ደርቋል፤ ግን ጭስ ጭስ ይሸታል። ዘበኛው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ፣ በዝናብ ወጥተው አውርደው፣ ጭቃውን አጥበው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጎጇቸው ውስጥ ከምድጃው በላይ ዘርግተው አድርቀውታል። ለርእሰ መምህሩ አልተናገሩም። ለእኔም ያሉኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «መምህር፣ ዝናብ ላይ አድሮ ነበር።» ተማሪዎቹ ተሰልፈው ባንዲራው ሲወጣ፣ ነፋስ በመታው ቁጥር ያ የጭስ ሽታ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ባጃጅህ ልመለስ። ቅዳሜ ዕለት አጠገብህ ተቀምጬ ስቲከርህን በደንብ አየሁት። የፀሐይ ነገር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ቀዩን ይበላዋል። የአንተ ቀይ ሮዝ ሆኗል፤ ቢጫው እንደ ገለባ ነጥቷል፤ የግራ ጥጉ ተላጥቶ አቧራ ገብቶበታል። የመጥረጊያው ጎማም ኮከቡን ለሁለት ፍቆታል። የተንጠለጠለችው ጨርቅ ጫፏ ተተልትሏል፤ አንዱን ክር ይዤ ብስበው ሁሉም የሚመጣ መሰለኝ። ልጄ፣ ያ ተሳፋሪ «መናቅ ነው» ያለህ ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ ግማሽ እውነት ነበረው። መለጠፍህ አይደለም፤ ለጥፈህ መርሳትህ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ያያል። ባንዲራ የለጠፍክ ዕለት ማንም ሳያስገድድህ አደራ ተቀብለሃል። ስለዚህ ባጃጅህን ባጠብክ ቁጥር እርሱንም አይተህ፣ የነጣውን አንሥተህ በአዲስ ተካው። አዲስ የመግዣ ገንዘብ ከሌለህ ባዶ መስተዋት ይሻላል።

5. ሕጉን ከሰው አፍ አትስማ። በ2001 ዓ.ም. የወጣ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 654 ነው። ዓርማ የሌለበትን መጠቀም፣ በላዩ ላይ ጽሑፍ ወይም ሥዕል መጨመር፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ወይም ያረጀውን መጠቀም ይከለክላል። እንግዲህ አየህ፣ በ4ኛው ላይ የነገርኩህ የሽማግሌ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጉ ደግሞ በክፋት ወይም በንቀት ባንዲራ ያቃጠለ፣ የቀደደ፣ ያበላሸ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል። ክፋትና ንቀት የሚሉትን ቃላት ልብ በል። ዳኛ ልብህን ይጠይቃል፤ ተሳፋሪ ግን የሚያየው መስተዋትህን ነው።

6. አትጻፍበት። የእግር ኳስ ቡድን ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ የዘፋኝ ፎቶ፣ ምንም ይሁን ምን። ጥሩ ቃል ቢሆንም ሌላ ቦታ ጻፈው፤ ባጃጅህ ሰፊ ናት።

7. ስትገዛ ተገልብጦ እንዳይሆን እይ። ይህ ሕፃን የሚያውቀው ነው ትል ይሆናል፤ ግን በዚህ ከተማ አረንጓዴው ከታች የሆነ ስንት ባንዲራ አይቻለሁ መሰለህ! ርካሽ ሆኖ የሚመጣው ስቲከር ብዙ ጊዜ የሚታተመው ሩቅ አገር ነው፤ የሚያትመው ሰው የትኛው ከላይ እንደሆነ ግድ አይሰጠው። ተገልብጦ ከተለጠፈ ዓርማውን ትተህ ቀለሙን ብታይ የቦሊቪያ ባንዲራ ነው። ወደ ጎን ብታቆመው የማሊ ይመስላል። የማሊው በአጋጣሚ አይደለም። ጋና በ1957 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነፃ ስትወጣ ቀለማችንን ወሰደች፤ ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋልና ሌሎችም ተከተሉ፤ ቅኝ ያልተገዛችውን አገር አይተው ነው። ሌላው ሕዝብ አክብሮ የወሰደውን አንተ ገልብጠህ ስትለጥፍ ያሳፍራል። ከሆነልህ ከልብስ ሰፊ ግዛ። ለትምህርት ቤቶች ባንዲራ የሚሰፉ ሰዎች በየከተማው አሉ፤ ጠርዙን አጥፈው ስለሚሰፉት ቶሎ አይተለተልም፤ ሲሰጡህም የትኛው ከላይ እንደሆነ ያውቃሉ።

8. በመሃሉ ላለው ነገር ከሰው ጋር አትጣላ። እኔ ተማሪ ሳለሁ መሃሉ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ነበር። ደርግ ሲመጣ ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ወረደ፤ ቆይቶም አንበሳው ራሱ ሄደ። በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ዓርማ ገባ። በ1983 ዓ.ም. ያም ተነሥቶ ልሙጥ ሆነ። በ1988 ዓ.ም. አሁን የምታየው ሰማያዊ ክብ ከነኮከቡና ከነጨረሩ መጣ፤ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያንጸባርቃል ተባለ። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሕጉ ዛሬ ዓርማ ያለበትን ነው የሚያውቀው፤ አንተም የሕዝብ መጓጓዣ ስለምትነዳ በሕጉ ሂድ፣ «አላወቅኩም» አትበል። ነገር ግን ጥምቀት ላይ ልሙጡን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የመጡ አዛውንት ባጃጅህ ውስጥ ቢገቡ ጠላት አድርገህ አትያቸው። እሳቸው በእነዚያው ቀለማት ፊት በልጅነታቸው ቆመዋል። እሳቸውም ኮከቡን ስላየ የሚቆጣ ሰው ሲገጥማቸው ዝም እንዲሉት እመክራቸዋለሁ፤ ግን ምክሬ ለአንተ ነው።

9. የሰውን ባንዲራ አትሸፍን። በነቀምት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ሁለት ባንዲራ ጎን ለጎን ታያለህ፤ አንዱ የአገሪቱ፣ ሁለተኛው የኦሮሚያ፣ ጥቁር ቀይ ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ኦዳ ያለበት። ክልሎች የየራሳቸው ባንዲራ እንዲኖራቸው የፈቀደው ያው አንቀጽ 3 ነው። አንተ ሁለቱንም ብትለጥፍ፣ አንዱን ብቻ ብትለጥፍ፣ ምርጫው የአንተ ነው። ግን ባጃጅ ስትገዛ የቀድሞው ባለቤት የለጠፈውን ካልወደድከው በቀስታ አንሣው፤ በላዩ ላይ ሌላ አትለጥፍበት። አንዱን ለመሸፈን ሲባል የተለጠፈ ባንዲራ ባንዲራ መሆኑ ይቀራል፤ ጥፊ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ የኦነግ መሪዎች ከስደት ሊመለሱ ቀናት ሲቀሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በመንገድ ጠርዝና በአጥር ላይ የየራሳቸውን ባንዲራ ቀለም በመቀባት ተጋጩ፤ በድንጋይ ተወራወሩ። ያኔ እዚህ ቡና ስንጠጣ ወሬውን የሰማ አንድ ጎረቤቴ «ቀለሙ ሳይደርቅ ደም ነካው» አለ። ይህን ቃል አልረሳውም። በእጅህ የያዝከው የቀለም ጣሳም ይሁን ስቲከር፣ አንድ ሰው ሊያናድድልኝ ይችላል ብለህ ከሆነ የምትለጥፈው፣ መልሰህ ኪስህ ክተተው። ንዴት ካለህ ወደ እኔ ና፤ ቡና እናፈላለን፤ እንነጋገራለን።

10. ባንዲራ ያለበት ባጃጅ ውስጥ ሆነህ አትሳደብ። እንደ ልጄ ስለማይህ ልንገርህ፤ ከቀናት በፊት ከመንገድ ዳር ቆሜ ከአንድ እግረኛ ጋር ስትጯጯህ ሰምቼሃለሁ። አንተ አላየኸኝም። እንግዳ ሰው፣ ከደምቢ ዶሎ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው አንተን ነው። ከዋጋው በላይ አታለህ ብትወስድበት፣ ባንዲራው ከፊት ለፊቱ ሆኖ ያየዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እንደዚያ ከሆነ ያ ስቲከር አይጠቅምህም፤ ይመሰክርብሃል።

11. የምትኖርበትን ምድር ታሪክ ሳታውቅ ባንዲራ አትለጥፍ። ከነቀምት ብዙም ሳይርቅ ቦናያ የሚባል ቦታ አለ። ንጉሡ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን መኮንኖች በሦስት አውሮፕላን መጥተው እዚያ አረፉ፤ ወለጋን በሽንገላ ለመያዝ ነበር ሐሳባቸው። በመሪነት የመጣው ጄኔራል ማሊዮኮ ነው፤ ታዋቂው አብራሪ ሎካቴሊም አብሮት ነበር። የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች፣ ብዙዎቹ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች፣ በሌሊት ከበቧቸው፤ አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከአንድ ቄስ በስተቀር ጣሊያኖቹ ሁሉ አለቁ። እነዚያ አርበኞች ዛሬ አንተ ባለህበት ዕድሜ ላይ የነበሩ ናቸው። ዋና ከተማው ተይዞ፣ ንጉሡ ተሰድደው፣ ጦሩ ተበትኖ ሳለ ነው ይህን የሠሩት። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ባጃጅህን አቁመህ የወለጋ ሙዚየምን እይ፤ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥትም እይ።  ለባንዲራው ማን ምን እንደከፈለ ስታውቅ፣ ሳይነገርህ ራስህ የደበዘዘውን ትልጠዋለህ።

12. ያልለጠፈውን አትጠርጥር። አንዱ ባለ ባጃጅ ጓደኛህ ባጃጁ ላይ ምንም የለውም። ይህ ከአንተ ያነሰ አገሩን ይወዳል ማለት አይደለም። ዕቃው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ የሚወድ ሰው ነው። እንዲያውም እርሱ ካለ ማንም ተሳፋሪ ሳንቲም አይጎድለውም ይባላል፤ ይህን ከአንተ ሰምቻለሁ።

13. ባንዲራ ሲሰቀል ሞተርህን አጥፋ። በእኛ ጊዜ ከፖሊስ ጣቢያ ፊሽካ ሲነፋ ገበያተኛ እንኳ ከነሸክሙ ባለበት ይቆም ነበር፤ ጎረምሳ ሲራመድ የተገኘ እንደሆነ ከኋላ ጎትተው ያቆሙታል። አሁን ይህ ልማድ ላልቷል። ጠዋት በትምህርት ቤት አጥር ጎን ስታልፍ ሕፃናቱ መዝሙር እየዘመሩ ከሆነ፣ ሁለት ደቂቃ ብትቆም ተሳፋሪህ አይቀየምህም፤ ቢቸኩልም ንገረው። ሞተሩ ሲጠፋ ልጆቹ ዘወር ብለው ያዩሃል። እኔ ተረኛ በነበርኩበት ዘመን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ነው። ስሙን አላውቀውም፤ ተማሪዎቹ ግን «ቋሚው» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ያቺ መኪና ድምፅዋን ስታጠፋ ልጆቹ ሳይነገራቸው ሰልፋቸውን ያስተካክላሉ።

14. ጥቅምት ላይ አንድ ቀን አለ። በየዓመቱ የጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ተብሎ ይከበራል። በዚያ ቀን ብዙ ሰው አዲስ ባንዲራ ይገዛል፤ ማግስቱን ጎዳና ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ የወረቀት ባንዲራ ታገኛለህ። ብታይ ዝም ብለህ አትለፍ። አቁመህ ውረድ፤ አንሣው፤ አራግፈው። ይህን ሳደርግ ያዩ ሰዎች ስቀውብኛል፤ ሌሎች ደግሞ አብረውኝ ጎንበስ ብለዋል።

እንግዲህ ጥያቄህን መልሼልሃለሁ። መለጠፍህ ነውር አይደለም። ያለቀውን ማቆየትህ ነውር ነው፤ እርሱ ደግሞ ዛሬውኑ የሚስተካከል ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባጃጅህን ይዘህ ቤቴ ና። ሙቅ ውሃና ሳሙና እሰጥሃለሁ፤ የሙጫውን ቅሪት በላምባ ታስለቅቀዋለህ፤ ምላጭ እንዳትጠቀም፣ መስተዋቱን ትጭረዋለህ። አዲሱን እኔ ገዝቼ አስቀምጬልሃለሁ፤ ጠርዙ የታጠፈ፣ ከልብስ ሰፊ የተገዛ፣ አረንጓዴው ከላይ የሆነ ጨርቅ ነው። የተላጠውን ስቲከርና ያችን የተተለተለች ጨርቅ ግን ወደ ቦይ እንዳትጥል። በጋዜጣ ጠቅልለህ አምጣልኝ፤ የደከሙትን የማስቀምጥበት ሳጥን አለኝ።